በዓል አክባሪው ውርጭ

በዚህ አገር ዕቃ የሚጠፋው ሌባ በዝቶ ሳይሆን አደራ ጠባቂ አንሶ ነው። ያሉትም ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው አደራውን በልቶ «አይጥ በላው» ይላል። ሁለተኛው ከልክ በላይ ስለሚጠብቅ ባለዕቃው ዕቃውን ያስቀመጠበትን ቀን እንዲረግም ያደርገዋል። ይህን ሁለተኛውን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ምናልባትም አጎታችሁ ነው። ከገሳይ ከተማ ሁለት ሰዓት ሽቅብ በእግር በሚደረስበት የጉና መንደር፣ ማዕረጉን ያለ ተቀናቃኝ የያዙት ክቡር አያ ሙላቴ ናቸው።

አንድ ጊዜ ገሳይ ገበያ ላይ አንድ ነጋዴ «አንድ አፍታ ያዙልኝ» ብሎ ጃንጥላውን ሰጥቷቸው ሄደ። ወዲያው ዝናቡ ወረደ። ገበያተኛው በየበረንዳው ሲሸሽ አያ ሙላቴ የታጠፈውን ጃንጥላ በብብታቸው ሸጉጠው፣ ከቆሙበት ሳይነቃነቁ፣ ነጋዴው እስኪመለስ በሰበሱ። «ምነው ቢዘረጉት?» ሲባሉ፣ «ያዙልኝ አለኝ እንጂ ተጠለሉበት መቼ አለኝ?» አሉ።

ከዓረብ አገር የተመለሰችው ጎረቤታቸው ፈንታነሽም ስልኳን እሳቸው ዘንድ አስቀምጣ የት እንዳስቀመጠችው ረሳች። በወንድሟ ስልክ ቀኑን ሙሉ ስትደውል ዋለች። አያ ሙላቴም ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ሰምተው ዋሉ። «የሰው ስልክ አንስቼ የሰው ወሬ ልስማ? ምን ቆርጦኝ!» ነው መልሳቸው። ከዚያም እንደ ልማዳቸው ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው፣ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ብለው ነገሩን ዘጉ።

ተማሪዋ ትዝታ የመለኪያ ሳጥኗን የሰጠቻቸው ይህን ሁሉ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ስለምታውቅ ነው የመረጠቻቸው።

ትዝታ የእብናት ገበሬ ልጅ ናት። ዕቃ ከዕቃ ጋር በኢንተርኔት የሚነጋገርበትን ሙያ የሚያስተምር የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት፣ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር በመጣመር ደብረ ታቦር ላይ ሲከፈት፣ ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ተማሪዎች አንዷ ሆና ገባች። አማካሪዋ ዶክተር ዋልልኝ በመጀመሪያው ቀን ስድስቱን አስቀምጠው፣ «መሣሪያውን ገዝተን መስቀል እናውቅበታለን። ሠርቶ የሚያስተምር ነው የሌለን። እናንተ ካልተመረቃችሁ ከኋላችሁ የሚመጣውን ማን ያስተምረዋል?» ብለዋቸው ነበር።

ለስድስቱ ተማሪዎች ስድስት መሣሪያ ደረሳቸው። የትዝታ ድርሻ የጫማ ካርቶን የምታክል ነጭ ሳጥን ናት። በየግማሽ ሰዓቱ የአየሩን ሙቀት ለክታ በሞባይል ኔትወርክ ደብረ ታቦር ላለው ኮምፒውተር ትልካለች። ሐሳቡ ኮምፒውተሩ ውርጭ ሊወርድ መሆኑን ከዋዜማው አውቆ ለገበሬው ስልክ መልእክት እንዲልክ ነው። ገበሬውም በመስኖ ድንቹ ላይ ውሃ ለቆ ያድናል። ለዚህ ግን መጀመሪያ የብዙ ውርጭ ሌሊቶች ልኬት ያስፈልጋል።

በጥቅምት መጨረሻ ሳጥኗን ከአያ ሙላቴ ማሳ ዳር በምሰሶ ሰቀለችና፣ «አያ ሙላቴ፣ አደራዎን። ከብት እንዳይገፋት፣ ሰው እንዳይነካት። ትምህርቴ ያለው እሷ ላይ ነው» አለቻቸው። አያ ሙላቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰማዩን እያዩ የተለመደውን ቃላቸውን ተናገሩ። ትዝታ ልቧ ረክቶ ተመለሰች። ጥፋቷም እዚህ ላይ ነው። ከብቱንና ሰውን ስታነሣ ስለ ብርዱ ምንም አላለችም።

ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር አለፉ። የጉና ገበሬ ድንቹን ውርጭ መታው ብሎ ያለቅሳል፤ የትዝታ ሳጥን ግን ሌሊቱ አምስት ዲግሪ ነው፣ ውርጭ የሚባል የለም ትላለች። አልፎ አልፎ ብቻ፣ አንዳንድ ሌሊት፣ በድንገት ከዜሮ በታች ሦስት ትገባና በማግሥቱ ወደ አምስቷ ትመለሳለች። ኮምፒውተሩ ቀኑን የሚጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ለሦስት ወር ማንም ልብ አላለም።

ልብ ያሉት ዶክተር ዋልልኝ ናቸው፤ የቄስ ልጅ ናቸውና። ውርጭ የታየባቸውን ቀኖች በእርሳስ ወደ እኛ አቆጣጠር መለሷቸው። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሰባት። የሚቀጥሉትም ወሮች እንዲሁ፤ ገናና ጥምቀት ብቻ ተጨምረውበታል። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ትዝታ፣ የጉና ውርጭ ሚካኤልን፣ ገብርኤልን፣ ማርያምንና መድኃኔዓለምን እየጠበቀ ነው የሚወርደው? ማህበርተኛ ነው እንዴ?»

ትዝታ አልሳቀችም። በማግሥቱ ጉና ወጣች።

«አያ፣ ሳጥኗን የነካት ሰው አለ?»

«እኔ እያለሁ? ምን ቆርጦት!»

«ማታ ማታስ?»

«ማታማ ጀምበር ስትጠልቅ አለብሳታለሁ፤ ሲነጋ እገልጣታለሁ።»

«ምን ያለብሷታል?»

«ደበሎ ነዋ! የበግ ቆዳ ከነጠጉሩ። ምነው ልጄ፣ የጉና ብርድ እኮ እንስራ ይሰነጥቃል። የሰው ዕቃ ራቁቷን ሜዳ ላይ አሳድሬ ኋላ ምን ብዬ ላስረክብሽ?»

ትዝታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ውርጭ ደግሞ እስከሚቀጥለው ኅዳር አይመጣም። ዶክተር ዋልልኝ ለዚህ ምሕረት አልነበራቸውም፤ «ያልተለካ አይጻፍም» አሉ። አምስቱ ጓደኞቿ በሐምሌ ይመረቃሉ፤ እሷ ዓመት ትጠብቃለች። አባቷ እብናት ላይ የምትመረቅበትን ወር ለአገሬው ሁሉ ተናግረው ጨርሰዋል። ስልክ ደውላ «ቀረሁ» ስትላቸው፣ «ጤናሽ ደኅና ነው?» ብቻ አሏት። ያን ቀን አለቀሰች።

በሳምንቱ ሳጥኗን ነቅላ ለሌላ ሰው ልትሰጥ ቆርጣ ተመለሰች። አያ ሙላቴ ገሳይ ወርደው ኖሮ ያገኘችው ባለቤታቸውን እትዬ ብዙነሽን ነው።

«ልትወስጃት ነው?» አሉ እትዬ ብዙነሽ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ውሰጃት፤ እኛም እንረፍ። ደበሎው እኮ አንድ ነው። እሷ ለብሳ ስታድር ሽማግሌው በሳሳች ጋቢ ሲንቀጠቀጡ ያድራሉ። ‹ኧረ ይሄ ሳል ሊገልዎ ነው› ብላቸው፣ ‹እኔ ብሞት እኔው ነኝ፤ አደራ በላ ከተባልሁ ግን ስሙ ለልጅ ልጅ ይተርፋል› ይሉኛል። ደበሏቸውን ለራሳቸው የሚያደርጉት ለማህሌት ቤተ ክርስቲያን ሲያድሩ ብቻ ነው።»

ትዝታ አፈረች። ኮምፒውተሯ ላይ «የተበላሸ» ብላ በቀይ ያሰመረችባቸው ሌሊቶች ከሰባ ይበልጣሉ። በሰባውም ሌሊት ሳጥኗ የለካችው ከአያ ሙላቴ ገላ ላይ የተነሣውን ሙቀት ነው። ውርጩ በዓል የሚያከብረውም በዓል ሲመጣ ብቻ ሽማግሌው ልብሳቸውን ስለሚለብሱ ነው።

አያ ሙላቴ አሞሌ ጨው ተሸክመው እያሳሉ ሲደርሱ ትዝታን ከምሰሶው ሥር አገኟት። እጇ ሳጥኗ ላይ ነው። ፊታቸው ጠቆረ፤ አደራ መነጠቅ እንዲህ ላለ ሰው ከመሰደብ ይብሳል።

«ምን አጎደልሁብሽ?» አሉ በቀስታ።

«ያጎደልሁስ እኔ ነኝ፣ አያ። ሳጥኗ እዚሁ ትቆያለች። ከእንግዲህ ግን አደራ የምሰጥዎ ብርዱን ነው። ብርዱን ማንም እንዳይነካብኝ፣ እርስዎም ጭምር።»

አያ ሙላቴ አሞሌያቸውን ከምሰሶው ሥር አወረዱ። «ብርድ በአደራ ተቀብዬ አላውቅም» አሉ። «ሆኖም አደራ አደራ ነው።»

በሐምሌ አምስቱ ጥቁር ካባ ለብሰው ሲመረቁ ትዝታ ከአዳራሹ የኋላ ወንበር ሆና አጨበጨበች። በኅዳር ደግሞ በጉና የብርድ ጥበቃ ተጀመረ። ከማሳቸው አጠገብ ገለባ ያነደደ ጎረቤት «ብርዷን ልታሞቅብኝ ነው!» ተብሎ በሽምግልና ተከሰሰ። በምሰሶው ሥር የተኛች ፍየል በድንጋይ ተባረረች። በታኅሣሥ አንድ ቀን አመሻሹ ላይ የገበሬው ስልክ ሁሉ አንድ ላይ ጮኸ፤ ውሃ ተለቀቀ፤ ጠዋት ድንቹ እንደ ለመለመ ተገኘ። ያን ሌሊት በዓል አልነበረም።

ትዝታ በግንቦት ጽሑፏን ለፈታኞች አቀረበች። የተበላሸውን ዓመት ግራፍም ከጽሑፉ አላወጣችውም። አንዱ ፈታኝ በጣታቸው እየነኩት፣ «ይኸ የመሣሪያው ስህተት ነው?» አሏት።

«መሣሪያዋ አልተሳሳተችም፣ ዶክተር። ይኸ የአንድ ሰው ደበሎ ነው።»

ፈተናውን አለፈች። ዛሬ የሁለተኛውን ዙር ተማሪዎች የምታስተምረው እሷ ናት። ሳጥን ከመስቀላቸው በፊት የሚጠብቀው ሰው ቤት ገብተው፣ ምን ለብሶ እንደሚያድር አይተው እንዲመጡ ታዛቸዋለች። ተማሪዎቹ እንግዳ ትእዛዝ ይመስላቸዋል።

እሷም ከገሳይ ገበያ ጠጉሩ የረዘመ አዲስ ደበሎ ይዛ ጉና ወጣች። አያ ሙላቴ በሁለት እጃቸው ተቀበሏት፤ ጠጉሩን ዳሰሱ፤ በጥንቃቄ አጥፈው ከቆጡ ላይ ሰቀሉት።

«እስከ መቼ ላቆይልሽ፣ ልጄ?»

ትዝታ የእኔ አይደለም፣ የእርስዎ ነው ልትል አፏን ከፍታ ተወችው። ሰውየውን ታውቃቸዋለች፤ የእርስዎ ነው ካለቻቸው በነጋታው ለአንድ ብርድ ለመታው አላፊ አግዳሚ ይሰጡታል።

«አልቆ እስኪበጣጠስ፣ አያ» አለች። «ግን አደራዎን፣ አንድ ሌሊት እንኳ ሳይለብሱት እንዳያድሩ።»

አያ ሙላቴ ቀና ብለው ወደ ቆጡ አዩ። ከዚያ ሳጥኗን በተቀበሉ ቀን እንዳደረጉት ባርኔጣቸውን አወለቁ።