ማድያቴና ጉበቴ

እኛ የአገሬ ልጆች የሰው ፊት የጋራ ንብረት ይመስለናል። ኡጋንዳዊው ጎረቤቴ ጠዋት ሲያገኘኝ ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ቤተሰቤ አንድ በአንድ ይጠይቀኛል፤ ፊቴን ግን ለኔው ይተውልኛል። የአገሬ ሰው የሚጀምረው ከፊቴ ነው። «ምነው ከሳህ?» «ምነው ጠቆርክ?» «ዓይንህ ገብቷል፤ ደህና ነህ ግን?» ይህን ሁሉ የሚለው እጄን ጨብጦ ሳይለቅ ነው። ደህና ነኝ ብትሉት አያምናችሁም። ክፋት የለውም፣ ነገሩ ፍቅር ነው። ቢሆንም አንድ ሰው ጤነኛ ሆኖ ከቤቱ ወጥቶ ሦስት የአገሩን ሰዎች ሰላም ካለ ታሞ ሊመለስ ይችላል።

ስለዚህ ኮሮና መጥቶ ማስክ አድርጉ የተባለ ጊዜ፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ በልባቸው ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ካንሳንጋ በሚባል የኡጋንዳ ዋና ከተማ ሰፈር ውስጥ ከበርበሬና ከሽሮ እስከ ስልክ ቻርጀር የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። የሱቅ ሰው ፊቱን ቀኑን ሙሉ ለሕዝብ ዘርግቶ የሚውል ነው። ማስኩ ከመጣ በኋላ ግን ከዓመት በላይ ማንም ስለ መክሳቴም ስለ መጥቆሬም አልነገረኝም። በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል ያገኘኋት ዕረፍት ያቺው ናት።

ዕረፍቴ ያበቃው ከተማዋ ለሁለተኛ ጊዜ ተዘግታ በተከፈተች ሰሞን ነው። ጢሜን ልላጭ መስታወት ፊት ስቆም፣ ከዓይኖቼ በታች፣ በጉንጬ አጥንት ላይ፣ በግራም በቀኝም ቡናማ ነገር ተንጣልሎ አየሁ። በሳሙና አሸሁት። በፎጣ ፈተግሁት። ንቅንቅ አላለም። ማድያት ነው። ማድያት ደግሞ፣ እንደምታውቁት፣ የሴት ነው ይባላል፤ ያውም የነፍሰ ጡር። እኔ ሁለቱንም አይደለሁም። ማስኬን እስከ ዓይኔ ስር ስቤ ወደ ሱቄ ሄድኩ።

ከሱቄ አጠገብ ምግብ ቤት ያላቸው የአዲስ አበባዋ እትዬ አልማዝ በርበሬ ሊወስዱ ሲገቡ፣ ውኃ ልጠጣ ብዬ ማስኬን ወደ አገጬ አውርጄ ነበር። ሴትዮዋ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው አወረዱ።

«ሰይድዬ፣ እስቲ ወደ ብርሃኑ ዙርልኝ።»

ዞርኩላቸው።

«ይሄማ ጉበት ነው» አሉ። «ወንድ ላይ ማድያት ከወጣ ጉበት ነው። የአጎቴ ልጅም እንዲሁ ነበር የጀመረው።»

«አሁን እንዴት ናቸው?»

«ነፍሱን ይማረው። ግማሽ ኪሎ አድርግልኝ።»

በርበሬውን መዘንኩላቸው። ዓይኔ ሚዛኑ ላይ ስላልነበር ሳላስበው ጨምሬላቸው ኖሮ መርቀውኝ ወጡ።

ፈራሁ። ላስውበው ብል አይሆንልኝም፣ ፈራሁ። ስልኬን ብጠይቀው እሱ ደግሞ ከእትዬ አልማዝም የባሰ ሆኖ ተገኘ፤ እሳቸው የገደሉት አንድ ሰው ነው፣ ስልኬ ግን ስንቱን። ሐኪም ቤት እንዳልሄድ፣ ሐኪም ቤት ያልሄደ ሰው በሽታው ገና በወግ አልተነገረውም፤ ያልተነገረው ሰው ደግሞ ጥቂት ቀን ይኖራል። አትሳቁብኝ፤ እናንተም እንዲህ ያሰባችሁበት ቀን አይጠፋም። ለባለቤቴ ለዘሃራም አልነገርኳት። የዘሃራን አባት ጅማ ላይ የወሰደባት ጉበት ነው። መጀመሪያ ዓይናቸው፣ ቀጥሎ መላ አካላቸው ቢጫ ሆኖ ስታስታምማቸው የነበረች ልጅ ናት። ልጅ ገና አልሰጠንም፤ በዚህ አገር ያለኋት እኔ ብቻ ነኝ። እንዴት ብዬ ልንገራት?

ስለዚህ ማድያቱን ራሴ ላጠፋው ቆረጥኩ። ማድያቱ ከጠፋ ጉበቱም አብሮ የሚድን መሰለኝ፤ የፈራ ሰው ሂሳቡ እንዲህ ነው። የቤት ውስጥ መድኃኒት የሚያስተምር ቪዲዮ ሞልቷል። አንዷ ሎሚ በማር ቀቡ ትላለች፤ ሌላዋ በፓፓያ ልጣጭ እሹ፤ ሦስተኛዋ እሬት አሳድሩ። በሎሚው ጀመርኩ። ከሱቁ ጓዳ ገብቼ ፊቴን ለቀለቅሁና፣ ደርቆ ይሥራ ብዬ ሳልታጠብ፣ በቀትር ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ ተፈናጥጬ ዕቃ ላመጣ ወደ ናካዋ ገበያ ሄድኩ። የጂንጃ መንገድ ተጨናንቆ ሞተሩ ፀሐይ ላይ ገትሮኝ ዋለ። በሁለተኛው ቀን ቡናማው ጠቆረ። በአራተኛው ቀን ዳርዳሩ እንደ መቃጠል አለ። እኔ ይህን ያየሁት እንደ በሽታው መፋፋም ነው። «እየገሰገሰ ነው» አልኩ ለራሴ።

ከሎሚ ወደ እርድ ዞርኩ። እርድ በእርጎ ለውሶ ግማሽ ሰዓት ማቆየት። እርድን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ብትታጠቡትም ቀለሙ አይለቅም። ጸጉሬ ስር፣ ጆሮዬ ጀርባ፣ የሸሚዜ ኮሌታ ላይ ቢጫ ነገር ቀረ። እኔ ከቁብም አልቆጠርኩት፤ ዓይኔ ያለው ጉንጬ ላይ ነው።

በዚያው ሰሞን ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ተለወጠ። መጀመሪያ ቅቤ ጠፋ። ቀጥሎ ሥጋ። ከዚያ ዘይት፣ በመጨረሻም ጨው። ጠዋት ፓፓያ፣ ቀን ማቶኬ የሚሉት የተቀቀለ አረንጓዴ ሙዝ ከካሮት ጋር፣ ማታ ቀይ ሥርና ጎመን፤ ጎመኑም ውኃ አይቶ የወጣ ብቻ። ዘሃራ ወጥ ስትሠራ ጎረቤት ደጁን የሚከፍትላት ሴት ናት። «ምነው?» አላልኳትም። ብጠይቃት «አንተስ ምነው?» ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። ዝም ብዬ በላሁ። ቀበቶዬ በወር ውስጥ ሁለት ቀዳዳ ገባ፤ መክሳትም ከበሽታው ምልክቶች አንዱ መሆኑን ስልኬ ነግሮኛል።

ከምግቡ በላይ ያስፈራኝ ግን ደግነቷ ነው። ጫማዬን ደጃፍ ላይ ባለማውለቄ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተቆጣችኝ ሴት፣ ጫማዬን ራሷ አንስታ ታስቀምጥልኝ ጀመር። ስናገር አታቋርጠኝም። ቀልዴ ያስቃታል። አንድ ቀን ቀና ስል ፊቴን እያየች ዓይኗ እንባ አቅርሮ አገኘኋት። «ሽንኩርት ነው» አለችኝ። ሽንኩርትማ ከቤታችን ከወጣ ሰንብቷል።

ከዚያ ከድር መጣ። ከድር ናካዋ ልብስ የሚሸጥ የልብ ጓደኛዬ ነው፤ ከበር ጀምሮ የማይጮህበት ቀን የለም። ያን ቀን ግን ቀስ ብሎ ገባ፣ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ሰይዶ፣ አውፍ በለኝ።»

«ምን አድርገህ?»

«አንዴ ከሰው ጋር ሆኜ አምቼሃለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«እሱን ተወው። ብቻ አውፍ በለኝ።»

እኛ ሙስሊሞች ረመዳን ሲገባ፣ ሰው ረጅም መንገድ ሲነሳ፣ ወይም ነፍስ ልትወጣ ስትል አውፍ እንባባላለን፤ አንዱ የሌላውን በደል ይቅር ብሎ ይሸኘዋል። ረመዳን ገና ነው። ከድር መንገድ አልተነሳም፤ ጤናውም የበሬ ነው። ታዲያ ከሁለታችን መንገደኛው ማን ነው? «አውፍ ብያለሁ» አልኩት። አቅፎኝ ሲወጣ ማስኩ በእንባ ርሶ ነበር። የምሞት መሆኔን ያረጋገጥኩት ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ዋንዴገያ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ደም ሰጠሁ። «ሐሙስ ውጤቱን ውሰድ» አሉኝ። ለዘሃራ የክሊኒክ ቀጠሮ አለኝ ስላት ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። «አብሬህ እሄዳለሁ» አለችኝ ብቻ።

ሐሙስ ጠዋት የክሊኒኩ ኮሪደር ውስጥ የእንጨት አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። አጠገባችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በማስካቸው ስር ይሳሳቃሉ። ወረፋችን ሦስት ሰው ቀርቶታል። የፈራሁት ሞቱን ብቻ አይደለም። ይዤው የምሄደው ነገር ነበር፤ አራት ዓመት የተሸከምኩት። እሱን ይዤ አላህ ፊት መቆም ከጉበቱ በልጦ አስፈራኝ።

«ዘሃራ፣ አውፍ በይኝ።»

«ዝም በል፤ አብሽር» አለችኝ።

«የራህማ ሠርግ ጊዜ ወንድምሽ ደውሎ ነበር» አልኳት። «ስልክሽ ተበላሽቶ በኔ ስልክ ነው የደወለው። ትኬቱን እልክላታለሁ፣ ትምጣ አለኝ። እኔ አልመጣም ብላለች አልኩት።»

ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ሄደሽ የማትመለሽ መሰለኝ። ፈራሁ።»

ራህማ ብቸኛ እህቷ ናት። አባትና እናት ካለፉ ወዲህ ዘሃራ ያላት ወንድሟ ሙስጠፋና ራህማ ብቻ ናቸው። ያኔ የሠርጉን ፎቶ በሰው ስልክ ላይ አይታ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ «ረስተውኛል ማለት ነው» ስትል አጠገቧ ነበርኩ። ትከሻዋን ይዤ ያባበልኳትም እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ እሷ ወንድሟ ንቆኛል ብላ፣ እሱ እህቴ ኮርታብኛለች ብሎ፣ ከዒድ እስከ ዒድ አንዲት መልእክት ብቻ ይላላካሉ።

አንገቷን ደፋች። ቀና ስትል ያየችው ዓይኔን አይደለም፣ ጉንጬን ነው፤ ማድያቱን። «አውፍ ብያለሁ» አለች። «አላህም አውፍ ይበልህ።» እጄን ያዘችኝ። ወላሂ፣ በዚያች ደቂቃ ብሞት ግድ አልነበረኝም።

ስሜ ተጠራ።

ሐኪሟ ወጣት ኡጋንዳዊት ናት። ወረቀቱን አየች፣ የዓይኔን ቆብ ገልብጣ አየች፣ ሆዴን ጫን ጫን አደረገች። ከዚያ ወንበሯ ላይ ተደግፋ፣ «ሴቦ፣ ጉበትህ ከኔ ጉበት ይሻላል» አለችኝ። ሴቦ እዚህ አገር ጌታዬ እንደማለት ነው። «ፊትህን ማነው ያቃጠለው?»

ሎሚውን ተናዘዝኩ። ቦዳውንም፣ ቀትሩንም። ግንባሯን ያዘች። ማድያት ወንድ ላይም ይወጣል፣ ዋናው አባባሹ ፀሐይ ነው፤ ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ደግሞ ቆዳን ያቃጥላል፣ ያጠቁራል አለችኝ። ባርኔጣ አድርግ፣ የፀሐይ ቅባት ተቀባ፣ ታገስ። ቀጥላ ኮሌታዬን አየች። «ይሄስ ቢጫ?» እርዱን ስናዘዝ ከጎኔ ዘሃራ አንዳች ድምፅ አወጣች። ለካ ቢጫውን አይታው ኖሯል። ለካ አባቷ ዳግም የታመሙ ያህል ሆኖባት ቅቤውንና ጨውን ከቤት ያወጣችው፣ ለከድርም አልቅሳ የነገረችው እሷ ናት። ሐኪሟ፣ «ለምንድነው እንዲህ የከሳው?» ብትላት፣ «በኔ ምግብ ነው» አለች። አትክልትና ፍራፍሬው ይቀጥል፣ ለቆዳም ለሰውነትም መልካም ነው፤ ግን ፓፓያ በልቶ ማድያት ያጠፋ ሰው አላየሁም፣ እባክሽ ደህና አድርገሽ አብይው አለቻት። ሦስታችንም ሳቅን። ዘሃራ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ሳቋ ደረጃውን ስንወርድ ነው የቆመው።

የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቆመች። ቦዳ ነጂዎቹ «እንሂድ፣ እንሂድ» ይሉናል። ማስኳን አወለቀች። ፊቷን ሙሉውን ካየሁት ብዙ ቀን የሆነኝ መሰለኝ፤ እንዲያ ያለ ፊትም አይቼባት አላውቅም።

«እኔ አውፍ ያልኩት ለሚሞት ሰው ነው» አለችኝ።

ሞት ለካ ብዙ ነገር ይሸፍንላችኋል። ጤነኛ ሰው ምን ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል? ቦርሳዋን ከፍታ ስልኳን አወጣች፣ ደወለች፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ንገረው» አለችኝ።

ስልኩ ይጠራል። ሞቴን በጠበቅሁባቸው ቀናት ሁሉ እንዲህ አልፈራሁም። በሦስተኛው ጥሪ ተነሳ። «ዘሃራ? ዘሃራ አንቺ ነሽ?» አለ ሙስጠፋ፣ ድምፁ እየተጣደፈ። እሷ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ታየኛለች።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ከየት ትጀምራላችሁ? እኔ፣ ሙስጠፋ ሦስት ጊዜ ሃሎ ካለ በኋላ፣ «ጉበቴ ደህና ነው» አልኩት።