የእንግዳ ባትሪ

የእንግዳን ድርሻ ላለመንካት ተርቦ የሚያድር ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የደባርቁ ጎረቤቴ ጋሽ ሙላት ይብሳሉ። ቱሪስት የሚያመላልሱባት ላንድክሩዘር ላይ ሁለተኛ ባትሪ አስገጥመዋል፤ አንዱ ለሞተሩ፣ ሌላው ለእንግዶች ፍሪጅ። ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ እንኳ ባትሪው እንዳይደክም ብለው ባዶዋን ከተማውን ያዞሯታል። ትናንት የሞተሩ ባትሪ ሞተና ሰፈሩ ሁሉ መኪና ሊገፋ ወጣ።

«ጋሼ፣ በሁለተኛው ባትሪ ለምን አያስነሷትም?» አልኋቸው እያለከለክሁ።

«የእንግዳ ነው እኮ! ዛሬ ቢመጡስ?» ብለው እንግዶች ወደሚያወጡበት ወደ ቡይት ራስ ተራራ መንገድ አንጋጠጡ።

እየሳቅሁ ቤቴ ገባሁ። ሲመሽ ብርዱ ጠናና ሚስቴን፣ «ያን ወፍራም ብርድ ልብስ ከሳጥኑ አውጪው እስኪ» አልኋት።

«የእንግዳውን? ዛሬ ሰው ቢመጣስ?»

ጋቢዬን ደርቤ ተኛሁ። ጆሮዬ ግን በሩ ላይ ነበር።