ለሄቪ ሜታል ሽማግሌ ሲቀመጥ

ሁለት የሚዋደዱ ሰዎችን ለማጣላት ውርስም፣ ባልም፣ የድንበር አጥርም አያስፈልግም። አጠገባቸው ቁጭ በሉና «እስኪ አስሩን ምርጥ የሄቪ ሜታል አልበሞች በደረጃ አስቀምጡልኝ» በሏቸው። በቃ! ተነስታችሁ ሂዱ። የቀረውን እነሱ ይጨርሱታል።

«ደግሞ ድሬዳዋ ውስጥ ማን ነው ሄቪ ሜታል፣ ያን ጩኸታም የፈረንጅ ሮክ የሚሰማው?» እንዳላችሁ ይገባኛል። እኔ ነኝ! የሁለት ልጆች እናት፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ስሜም ትዕግስት... አትሳቁ። ሌላዋ ደግሞ ቀፊራ ገበያ ቅመም የምትሸጠው ጓደኛዬ ፈቲያ ናት። እርድና ቁንዶ በርበሬ ስትመዝንላችሁ በሻሿ ሥር ጆሮዋ ላይ የሰካችው ማዳመጫ ዜና የምትከታተልበት ይመስላችሁ ከነበረ፣ ይቅርታ... ዜና አይደለም።

በሽታው የተላለፈብን ከአባቴ ነው። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ከጅቡቲ ሲመለስ ካሴት ያመጣል። ካሴቶቹ ሽፋን የላቸውም፤ ዘፋኙ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚል የሚያውቅ የለም። ስለዚህ እኔና ፈቲያ ራሳችን ስም አወጣንላቸው። ጊታሩ ጣውላ የሚሰነጥቅ የሚመስለው «ባለ መጋዙ» ተባለ። ከበሮው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ድንጋይ የሚያወርደው ደግሞ «ናዳው»። ዛሬ ሁሉም ስልካችን ውስጥ አሉ፣ ትክክለኛ ስማቸውንም አውቀናል፤ ግን ማን ይጠራበታል!

ታዲያ አንድ ቀን ፈቲያ ኢንተርኔት ላይ አንድ ፈረንጅ ያወጣውን ደረጃ አይታ በቴሌግራም ላከችልኝ። «ይሄ ሰውዬ ጆሮ የለውም፤ የራሳችንን እናውጣ» አለች። አወጣን። የኔ አንደኛ ባለ መጋዙ፣ የሷ አንደኛ ናዳው። ይሁን። ግን የኔን ባለ መጋዝ ስንተኛ እንዳደረገችው ታውቃላችሁ? ስምንተኛ! ወዲያው ደወልኩላት።

«ስምንተኛ?»

«አዝኜለት ነው እንጂ ከነጭራሹም ባወጣሁት ነበር።»

«አንቺ እኮ ድሮም የምትወጂው ጩኸት ነው!»

«አንቺ ደግሞ የአናጢ ቤት ድምፅ! አቦ ተይኝ!»

ስልኩ ተዘጋ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተዘጋ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ስቀን እናልፈው ነበር። ግን በዚያው ወር የፈቲያ ትልቋ ልጅ፣ የሰሚራ ሰርግ ነበረ። ሰሚራን አዝዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ጥርሷን ያየሁትም እኔ ነኝ። ለእናትየው ጓደኞች አንድ ዓይነት ድሪያ ቀሚስ እየተሰፋ እንደሆነ፣ ሁሉም ተለክተው እኔ ብቻ እንዳልተጠራሁ ከሰው ሰማሁ። ያን ቀን ፋይል ፍለጋ ብዬ ከመደርደሪያው ኋላ ገባሁና አለቀስኩ። ሰላሳ ዓመት ሄቪ ሜታል ሰምታ ለአንድ ቀሚስ የምታለቅስ ሴት!

በመጨረሻ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ የፈቲያ አጎት ሐጂ ዩሱፍ ዘንድ ሄድኩ። ሐጂ ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ ናቸው፤ የሞተሩ ጩኸት ግራ ጆሯቸውን ይዞባቸው ሄዷል። ሰፈር ውስጥ የተጣላ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነው የሚቀርበው።

«በምን ተጣላችሁ?» አሉኝ።

«በአልበም ነው ሐጂ።»

«ፎቶው ውስጥ አላስገባችሽም?»

«ኧረ የሙዚቃ አልበም ነው!»

ሐጂ ስልካቸውን አንስተው ፈቲያን ጠሯት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢያቸው፣ በኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ተሰየምን። ፈቲያ ሰላም ያለችው ሐጂንና ኒሙን ብቻ ነው። ሐጂ «ሳልሰማ አልፈርድም፤ ክፈቱ» አሉ። ስፒከሬን በቀኛቸው በኩል ላስቀምጥ ስል የራሷን በግራቸው ያስቀመጠችው ፈቲያ ብድግ አለች።

«ሐጂ፣ የሷን በደህናው ጆሮዎ፣ የኔን በማይሰማው? ይሄ ወላሂ ግፍ ነው!»

አንድ ስፒከር ብቻ ለሁለታችንም ከፊታቸው መሃል ላይ ተቀመጠ። ናዳው ሲጀምር የጎረቤት ፍየሎች ግቢውን ለቀው ወጡ። ባለ መጋዙ ሲቀጥል አንድ ጎረቤት በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «ሐጂ፣ ጄኔሬተር ገዙ እንዴ? መብራት እኮ አለ!» አለ። ሐጂ ግን ንቅንቅ የለም። ሲያበቃ መነጽራቸውን አደረጉና ሁለቱንም ዝርዝር ጎን ለጎን ያዙ።

«ከአስሩ ውስጥ ሁለታችሁም እኩል ደረጃ የሰጣችሁት አለ?»

አንድ ብቻ ነበረ። አስረኛው። «አልቃሻው» ነው የምንለው፤ ዘፋኙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለቅሳል። ቁጥር እንዲሞላልን ብቻ ነው ያስገባነው።

«ክፈቱት።»

ከፈትነው። ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አገጫቸውን በከዘራቸው ላይ አሳርፈው ሰሙት። ከዚያ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ።

«የተስማማችሁበት ይሄ ነው። ስለዚህ አንደኛው ይሄ ነው።»

«አልቃሻው?!» ሁለታችንም በአንድ አፍ ጮህን።

«ሐጂ፣ ይሄ እኮ ሮክም አይባልም!» አለች ፈቲያ።

«ከበሮ የሚሰማው እኮ ሁለት ዘፈን ላይ ብቻ ነው!» አልኩ እኔ።

«ባለ መጋዙን የመሰለ ነገር እያለ?» አለች ፈቲያ... አዎ፣ እሷ! የኔን ባለ መጋዝ!

«ናዳውስ እያለ?» አልኩ እኔም፣ ከአፌ አምልጦኝ።

ሐጂ «አበቃ» ብለው ለከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ተነሱ። እኛ በንዴት ጦፈን ወጣን። ባጃጅ መያዝ እንኳ ትዝ አላለንም፤ የሐጂን ፍርድ እያማን ቀፊራ ድረስ በእግራችን ሄድን። ሱቋ በር ላይ ስንደርስ ፈቲያ ቆም አለች።

«ነገ መጥተሽ ተለኪ።»

«ልኬን አታውቂውም?»

«በኩርፊያው ከስተሽ እንደሆነ ብዬ ነዋ።»

«ጨምሬያለሁ።»

«እኔም» አለችና ሳቋ አመለጣት። ከዚያ የሳምንት እርድ በያዙ እጆቿ እቅፍ አደረገችኝ፤ እርዱ ነጭ ሸሚዜ ላይ አስር ጣቷን አትሞ ቀረ። አላጠብኩትም ብል ታምኑኛላችሁ?

በማግስቱ ሐጂ ደወሉ። መታረቃችንን ሊያረጋግጡ ነው ብዬ ምስጋናዬን ላዥጎደጉድ ስል አቋረጡኝ።

«ትዕግስት፣ ያ የሚያለቅሰው ልጅ ሌላ ሥራ አለው?»

«ሦስት አለው ሐጂ፤ ግን ምን ያደርግልዎታል? ሁሉም ለቅሶ ነው።»

«ላኪልኝ ልጄ፤ ምን ሆኖ እንደሆነ ሳላውቅ እንቅልፍ አልወስደኝ አለ።»