ኃላፊ ልክ የለውም

ትንሽ ሰው ሲሳሳት ያርማል፤ ትልቅ ሰው ሲሳሳት መመሪያ ያወጣል። የዚያ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ደግሞ፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ በጣም ትልቅ ሰው ነበሩ። ለጡረታ የቀራቸው ሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ ወንበራቸውን አጥብቀው ይወዱታል፤ "ጡረታ" የሚል ቃል ሲሰሙ ወሬ ይለውጣሉ።

ሠራተኛ ሁሉ ዕድሜውን በአዲሱ ኮምፒዩተር እንዲመዘግብ ታዘዘ። ኃላፊውም ሃምሳ ስምንት ብለው ሲጽፉ ጣታቸው ዜሮ ጨመረችና 580 ሆነ። ኮምፒዩተሩም ያለ አንዳች ይሉኝታ "ከልክ አልፈዋል" ብሎ ጻፈ።

"ማን? እኔ?" አሉ ዓይናቸው ፈጦ። ፕሮግራሙን የሠራችው ባለሙያ እየሮጠች መጣች።

"ክቡርነትዎ፣ ዕድሜውን ነው እንጂ እርስዎን አይደለም። ከአሥራ ስምንት እስከ ስድሳ ካልሆነ አይቀበልም። አንዲት ዜሮ ተርፋለች፣ እሷን ማጥፋት ነው።"

"ሠላሳ ዓመት ስሠራ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም! አንቺ ነሽ እኔን ልክ የምታስገቢኝ?"

"ኧረ እኔ የት አባቴ!"

"ደግሞስ ዜሮ ማለት ምንም ማለት አይደለም? ምንም ቢጨመር ምን ይጎዳል?"

በዚህ ጥልቅ ሒሳብ ዙሪያውን የተሰበሰበው ሠራተኛ አጨበጨበ። ወዲያው "የበላይ ኃላፊን ክብር የሚነካ ማናቸውም ልክ ከዛሬ ጀምሮ ተነሥቷል" የሚል ደብዳቤ ወጣ። ባለሙያዋም ማስጠንቀቂያዋን ተቀብላ፣ ከፕሮግራሙ ውስጥ ቁጥሩን የምትቆጣጠረውን መስመር አጠፋች።

ኃላፊው ደረታቸውን ነፍተው ያችኑ 580 እንደገና አስገቡ። ማረም መሸነፍ ነዋ! ኮምፒዩተሩ ምን ተዳው፣ ዋጥ አደረጋት። ከዚያ ማተሚያው ተንጫጫና አንድ ወረቀት ተፋ፦ "የጡረታ ጊዜዎ ካለፈ አምስት መቶ ሃያ ዓመት ስለሆነው ከዛሬ ጀምሮ በክብር ተሰናብተዋል።" ግልባጩም ለሁሉም ክፍል ደርሷል።

"አርሚው! ቶሎ በይ!" አሉ ኃላፊው ወረቀቱን እያራገቡ።

"ለማረም የኃላፊ ፊርማ ያስፈልጋል።"

"አምጪው፣ ልፈርም!"

"ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ጡረታ ወጥተዋል" አለች ቀስ ብላ። "አሁን የሚፈርሙት ምክትልዎ ናቸው።"

ምክትሉ ግልባጩን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ሰውዬው "ወንድሜ፣ አንድ ፊርማ ብቻ!" ብለው ለመኑ።

ምክትሉ እጅ ነሡና አልፈው ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ።

"የእርስዎን ውሳኔ የምሽር እኔ ማን ነኝ?"