ተረኛውን የሚጠብቅ ጉንጉን

ስሙኝማ፣ የአበባ ጉንጉን የሚባለውን ነገር አልወደውም። አበባውን አይደለም፤ አበባ ምን አደረገኝ! ጉንጉን ሲሆን ነው ደሜ የሚፈላው። እስቲ እዚህ ከተማችን ፒያሳ አበባ ቤቱ በር ላይ ትንሽ ቆም በሉና ጉንጉን የሚያዘውን ሰው ስሙት። "ሟቹ ምን ዓይነት አበባ ይወዱ ነበር?" የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አልገጠመኝም። የምሰማው "የእነ እገሌ መሥሪያ ቤት ያሠራው ስፋቱ ምን ያህል ነው? የእኛ ከዚያ እንዳያንስ!" ሲባል ነው።

ጉንጉን በቁሙ ላለ ሰውም ይሠራል እኮ። ከአዲስ አበባ ባለሥልጣን በመጣ ቁጥር ተማሪዎች ከክፍል እየወጡ አስፋልት ዳር ፀሐይ ላይ ይሰለፋሉ። አንዷ ልጅ ጉንጉኑን አንገቱ ላይ ታጠልቅለታለች። ሰውዬው ፈገግ ይላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ መኪና ውስጥ ይገባና በሩ ሳይዘጋ አውልቆ ለሹፌሩ ያቀብላል። ሹፌሩስ የት ያድርገው? ወንበር ሥር ይወትፈዋል። የልጆቹ ትምህርት ግን ባክኖ ቀረ።

ይሁን፣ ይሄ እንኳ ያስቃል። ጨርሶ ያላሳቀኝ የጋሽ ማቴዎስ ጉንጉን ነው።

ጋሽ ማቴዎስ የመሥሪያ ቤታችን የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ዝምተኛ፣ ቀልድ ሲሰሙ ከሁላችንም ዘግይተው ብቻቸውን የሚስቁ ሰው። ኩላሊታቸውን ታመሙና ሐኪሙ "ሳይውሉ ሳያድሩ አዲስ አበባ ይሂዱ" አላቸው። በአውቶቡስ እንዳይሄዱ ወገባቸው አያስቀምጣቸውም። ባለቤታቸው እትዬ አማረች ከሰፈራቸው ከታቦር እየተመላለሱ የመሥሪያ ቤቱን መኪና ለመኑ፤ የኋላ ወንበሩ ላይ ጋደም ብለው እንዲሄዱ ብቻ። ኃላፊያችን ምን አሉ? መኪናው ለመስክ ሥራ ነው አሉ። ሌላ ቀን ነዳጅ አልተፈቀደም አሉ። ሌላ ቀን ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ስብሰባ መቼ አጥተን እናውቃለን! መኪናው ግን ግቢያችን ውስጥ፣ ዛፍ ሥር፣ የወፍ ኩስ ለብሶ ቆሟል።

በመጨረሻ በአውቶቡስ ሄዱ፤ እትዬ አማረች ጭን ላይ ተደግፈው፣ መንገዱን ሁሉ እያቃሰቱ። እዚያ ያሉት ሐኪሞች "ምነው እስካሁን?" አሉ አሉ። ተመለሱ። ብዙም አልቆዩ።

መሞታቸው በተሰማ ዕለት መሥሪያ ቤታችንን ባያችሁት! ስልክ ተደወለ፣ ኮሚቴ ተቋቋመ። ነዳጁ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ መኪናው ታጥቦ ጉንጉን ሊያመጣ ፒያሳ በረረ። አበባ ቤቱ ሪባኑ ላይ የሚጻፈውን ሙሉ ስም ጠየቀ። ለካስ ያን ሁሉ ዘመን አብረን ስንሠራ የጋሽ ማቴዎስን የአያት ስም የሚያውቅ አንድም ሰው የለም! ለቅሶ ቤት ደውሎ መጠየቅ ደግሞ አሳፈራቸው። እሱ ነው፣ እሱ አይደለም ሲከራከሩ መዘምራኑ ዘምረው ጨረሱ፣ ፓስተሩ ጸለዩ፣ አፈር ተመለሰ። ያኔ መኪናው ጥሩምባውን እያሰማ መቃብሩ ቦታ ደረሰ። ጋሽ ማቴዎስ እንዲጋደሙበት የተለመነው ወንበር ላይ ጉንጉኑ ለብቻው ተንጋሏል።

ኃላፊያችን የሱፋቸውን ቁልፍ ቆልፈው ጉንጉኑን ይዘው ሲጠጉ፣ እትዬ አማረች ከሴቶቹ መሃል ተነሡ።

"ጌታዬ፣ ይሄ አበባ በመኪና ነው የመጣው?"

"አዎ እናቴ" አሉ ኃላፊያችን። ሊመሰገኑ መስሏቸዋል።

"እንግዲያው በዚያው ይመለስ። ማቴዎስ ያለ እናንተ መኪና መሄድ ለምዷል።"

ጉንጉኑን ከእጃቸው ተቀብለው የመኪናው ኮፈን ላይ አኖሩትና ወደ ቦታቸው ተመለሱ። እኔማ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መቃብር ላይ ማጨብጨብ አማረኝ።

በሳምንቱ ግምገማ ተጠራ። እሰይ፣ ነገሩ ቆርቁሯቸዋል ብዬ ወንበር ይዤ ጠበቅኩ። ኃላፊያችን ተነሥተው ግለ ሂስ አደረጉ። መኪና ስለ መከልከላቸው? ኧረ በስመአብ! "በለቅሶው ላይ የታየው ክፍተት ጉንጉኑ ዘግይቶ መድረሱ ነው" አሉ። ሁለተኛው ክፍተት የአያት ስም አስቀድሞ አለመታወቁ ሆነ። መፍትሔው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የማይጠወልግ የፕላስቲክ ጉንጉን ተገዝቶ ዝግጁ ሆኖ እንዲቀመጥ! በጭብጨባ ጸደቀ።

ይኸው ጉንጉኑ ዛሬም እዚያው ጋሽ ማቴዎስ ግምጃ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል። ሪባኑ ላይ "መቼም አንረሳዎትም" ተብሎ ተጽፏል፤ የስሙ ቦታ ባዶ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ልናወጣ ስንገባ ሁላችንም ወደዚያ ላለማየት አንገታችንን እናዞራለን።

ሰሞኑን ጉንፋን ይዞኛል። ትናንት ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ስስል ኃላፊያችን ከቢሯቸው ብቅ አሉ። ትከሻዬን ያዝ አድርገው አዘኑልኝ። "አይዞህ፣ ሐኪም ቤት ሂድ እንጂ" አሉኝ። ከጋሽ ማቴዎስ ወዲህ ልባቸው ሳይራራ አልቀረም፣ መኪናውን ሊፈቅዱልኝ ይሆናል ብዬ አፌን ለምስጋና ከፈትኩ።

እሳቸውም ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ "ለመሆኑ የአያትህ ስም ማን ነበር?" አሉኝ።