ከሽማግሌዎቹ ጋር የመጣው ጠያቂ

የግንባታ ምህንድስናና ሥራ አመራር ፕሮፌሰር ቤታችሁ መጥቶ ያውቃል? አሶሳ እኛ ቤት መጥቷል። የወንድሜን ልጅ ለማግባት ሽማግሌ ላከ፤ እቤቱ መጠበቅ ሲገባው ግን አብሯቸው መጣ። «ሥራ መሪ ከሳይት አይጠፋም» አለ።

ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ እሱ ቀና ብሎ የጣራውን ቆርቆሮ መረመረና ወደ ወንድሜ ዞረ።

«አባባ፣ ከዚያ ቢነሱ ይሻላል። ጣራው ያፈሳል።»

ቤቱን በሰፈራው ጊዜ በእጁ የሠራው ወንድሜ ፊቱ ጠቆረ። «ልጄን ነው ጣራዬን የምትጠይቀው?»

ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ። ልጅቱ ከጓዳ በር አጮለቀች። ዝናቡ ያን ጊዜ ወረደ፤ የመጀመሪያዋ ጠብታም ወንድሜ መላጣ ላይ አረፈች።

ወንድሜ ራሱን ጠረገ። «ለመሆኑ ስንት ጣራ ሠርተሃል?»

«ሃያ ዓመት አስተማርኩ እንጂ አልሠራሁም።»

«አትዋሽም። እንግዲያው ልጄን ሰጥቼሃለሁ። ጣራውን ግን አንተው ትደፍናለህ።»

በማግስቱ ፕሮፌሰሩ መሰላሉን ገልብጦ ሲያቆም አየሁት። እኔ ከመነሳቴ በፊት ልጅቱ ሮጣ ወጥታ አቃናችለት።