ጭስ የሌለው ቤት

(በጣሊያን ዘመን ነው፤ ይጁቤ ላይ። አዛዡ «ኦና ቤት ሁሉ ይፍረስ፤ ከተማው ይመር» ብሏል። ኦናውን የሚለየው ባላምባራስ የሽዋስ ነው፤ ሹመቱ ገና ሳምንቱ ነው፣ ጉራው ግን አብሮት ያደገ። ዶማ ተሸክሞ የሚከተለው አምባዬ ነው፤ ነገር ቶሎ አይገባውም ይሉታል። ከእቴናት ደጃፍ ቆመዋል።)

የሽዋስ፦ (ዓይኑን ከያዘው የቤቶች ዝርዝር ሳያነሣ) አፍርስ አልኩህ!

አምባዬ፦ የእቴናት ቤት እኮ ነው፣ ባላምባራስ።

የሽዋስ፦ እሷስ የታለች?

አምባዬ፦ የበኩር ልጇን ልትወልድ ዲማ፣ እናቷ ዘንድ ሄዳለች። ልጁን ክርስትና አስነሥታ እሑድ ትገባለች። ሕፃን ታቅፋ የት ትውደቅ?

የሽዋስ፦ ባሏስ?

አምባዬ፦ (ወደ ጫካው እያየ) እሱ... ንፋስ ሊቀበል ወጥቷል።

የሽዋስ፦ ስድስት ወር ሙሉ? ሽፍታ ነው በለኛ! ቤቱም ኦና ነው።

አምባዬ፦ ኦና በምን ይታወቃል?

የሽዋስ፦ በጭስ ነዋ፣ አንተ ደነዝ! ሰው ካለ እሳት አለ፤ እሳት ካለ ክዳኑ ይጨሳል። ይህን ብልሃት ለአዛዡ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። «ብራቮ» አለኝ!

አምባዬ፦ ጭስ የሌለው ሁሉ ይፈርሳል?

የሽዋስ፦ ሁሉም! ታች ሰፈር የሚያፈርሱት ከደብረ ማርቆስ የመጡ ናቸው። ማንንም አያውቁ፣ ለማንም አያዝኑ።

አምባዬ፦ ባለቤቱ ለጊዜው ወጣ ብሎ ቢሆንስ?

የሽዋስ፦ የወጣ ወጣ!

አምባዬ፦ የትልቅ ሰው ቤት ቢሆንስ?

የሽዋስ፦ ሕግ ትልቅ ትንሽ አያውቅም!

አምባዬ፦ አሁን ገባኝ። እንግዲያ ይህን አናፈርስም።

የሽዋስ፦ ለምን?

አምባዬ፦ እስቲ ቀና ይበሉ።

(የሽዋስ ቀና ይላል። የሣር ክዳኑ ይጨሳል።)

የሽዋስ፦ ማ... ማነው ውስጥ?

አምባዬ፦ አራሷ ስትመጣ ምድጃው ቀዝቅዞ እንዳይቆያት የሰፈር ሴቶች ተራ ገብተዋል።

የሽዋስ፦ የዛሬዋ ተረኛ ማናት? አሳያታለሁ!

አምባዬ፦ ወይዘሮ ደስታነሽ።

የሽዋስ፦ የማን ደስታነሽ?

አምባዬ፦ የእርስዎ ባለቤት። ማለዳ ከቤታችሁ ፍሙን በገል ጭረው መጡ። ምሳዎንም እዚሁ እየሠሩ ነው።

(ከታች ሰፈር ግድግዳ ሲናድ ይሰማል።)

የሽዋስ፦ ሰማህ? ሥራ ማለት ይህ ነው! (አቧራውን ያያል፤ ፈገግታው ቀስ እያለ ይጠፋል።) ቆይ... ታች ሰፈር፣ እኛ ቤት እሳት የሚያነድ ማን ቀረ?

አምባዬ፦ ማንም።

የሽዋስ፦ (እየሮጠ) አቁሙ! የኔ ነው! የባላምባራስ ቤት ነው!

አምባዬ፦ (ዶማውን ከእቴናት ግድግዳ አስደግፎ ይቀመጣል።) አይድከሙ፣ ጌታዬ፤ የሚያፈርሱት እንደሆኑ ማንንም አያውቁም! ይልቅ ምሳዎ ሳይበርድ ይመለሱ፤ እስከ እሑድ ማደሪያም አይጠፋም። እዚህ ጭስ አለ!